የፕላዝማዋ ሴትዮ እና እኔ

ባለፈው ሐምሌ ወልቂጤ ውስጥ፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ሁለት ወጣቶች አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ቆሜ አየሁ። ስማርት ሰሌዳ ይሉታል። በጣት ሲነኩት ይጽፋል፣ ሲያሻሹት ያጠፋል፣ ካርታ ያሽከረክራል፣ ፊልም ያሳያል። የክረምት ሥልጠና ነበር። ከየወረዳው የመጡት መምህራን ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው፣ የተጠበሰ በቆሎ በፌስታል ይዘው እየገቡ ይቀመጣሉ። እኔ የተጠራሁት በአሠልጣኝነት ነው። ለምን እኔ ብዬ ብጠይቅ፣ "በትምህርት ቴክኖሎጂ የቆየ ልምድ ስላለዎት" አሉኝ።

ልምድ! እስረኛም እኮ የወህኒ ቤት ልምድ አለው። ጠርቶ አሠልጥንልን የሚለው ግን የለም።

ከሰቃዮቹ አንዱ ብሎን እያጠበቀ ዞር ብሎ አየኝና፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ መምህር ብዙ መልፋት የለበትም" አለኝ።

"አውቃለሁ፤ ከዚህ በፊትም ተነግሮኛል" አልኩት።

የተነገረኝ ቡታጅራ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እዚያ ስመደብ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ገብቶ ነበር። ላልደረሰበት አንባቢ ልንገረው። ፕላዝማ ማለት በክፍሉ ፊት ለፊት፣ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ከሩቅ ይመጣል። በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ያለችው አስተማሪ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ ታስተምራለች። የክፍሉ መምህር ሥራ ሣጥኑን ከፍቶ ማብራት፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነው። መካከሉ የእሷ ነው። ማጥፋት ክልክል ነው። ቆይ ልድገምላችሁ ብሎ ማቆምም አይቻልም፤ ስርጭት ነውና እንደ ወንዝ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ እሷ ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብታለች።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ስመጣ የያዝኩት ትልቁ ንብረቴ አንደበቴ ነበር። በተማሪነቴ ለጓደኞቼ ሳስረዳ ከመምህራኑ ይልቅ የእኔ ይገባቸው ስለነበር፣ ጠመኔ የምጨብጥበትን ቀን እንደ ሙሽራ ነበር የምጠብቀው። ቀኑ ደረሰና ጠመኔ ስጠብቅ የተሰጠኝ ቁልፍ ሆነ፤ የብረት ሣጥኑ ቁልፍ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ከድር፣ ሳቅ የማያጣው፣ ወፍራም፣ ደግ ሰው፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ እያስቀመጠ፣ "ወንድሜ፣ ዕድለኛ ነህ ወላሂ። እኛ ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ ነው ያስተማርነው። አንተ ከፍተህ መቆም ነው" አለኝ።

"ቆሜ ምን ላድርግ?"

"መቆም ነዋ! መቆምም እኮ ሥራ ነው።"

እውነቱን ነው። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በምታልፏት ጥያ የቆሙት ድንጋዮች ስንት ዘመን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው ዓለም አውቋቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ አበራሁ፣ ሴትዮዋ ብቅ አለች። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ "ጉድ ሞርኒንግ" አለች። የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ በሙሉ ብድግ አሉ። እንዲህ ነው ያደጉት። መምህር ሲገባ መነሳት፣ "ተቀመጡ" እስኪባል መቆም። እሷ ግን ተቀመጡ አላለችም። ስለ ስብስቦች ማስረዳት ጀመረች፤ ልጆቹ ቆመው ይሰማሉ። ከኋላ ያሉት ከፊት ባሉት ትከሻ ላይ ለማየት ይንጠራራሉ። ትንሽ ጠበቅኩና "ተቀመጡ" አልኩ።

የክፍሉ አለቃ ሙኒራ የምትባል ልጅ ነበረች። ሻሿን እስከ ግንባሯ ያወረደች፣ ምላሷ የተሳለ የነጋዴ ልጅ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ቲቸር፣ እሷ ሳትል?" አለችኝ።

"እኔ ስል!"

ተቀመጡ። ግን እየተቀመጡ የሚያዩት እሷን ነው፤ ትቆጣ ይሆን እያሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ እንዲህ ነበር። ጠዋት ከተከራየሁበት ቤት ወጥቼ፣ የእንሰቱን አጥር ጥግ ጥግ ይዤ ጭቃ እየሸሸሁ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። እከፍታለሁ። እቆማለሁ። እዘጋለሁ። ወደ ሌላ ክፍል ሄጄ ያንኑ ትምህርት ከፍቼ እንደገና እቆማለሁ። አንዱ ትምህርት ለየክፍሉ በተለያየ ሰዓት ይደገማልና፣ ያችኑ ሴትዮ፣ ያንኑ ፈገግታ፣ ያንኑ ምሳሌ በቀን ደጋግሜ አያለሁ። ኅዳር ሲገባ በርበሬ ይደርሳል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት በርበሬ መፍጨት ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል። ልጆቹ ያስነጥሳሉ፣ እኔ አስነጥሳለሁ። እሷ ብቻ አታስነጥስም። እዚህ ከተማ ውስጥ አለመኖሯን ልጆቹ አምነው የተቀበሉት በዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚገርመው የጥያቄ ሰዓቷ ነበር። ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ፊቷ በርቶ "ኤክሰለንት!" ትላለች። ከእኛ ክፍል ማንም ትንፍሽ አይልም። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ማነው የመለሰላት?"

"የአዲስ አበባ ልጆች ናቸዋ።"

"እኛንስ ትሰማለች?"

"እኛ መቼ ተናገርን?"

ልቤ ተነካ። ሴትዮዋ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር እየተነጋገረች እነሱ በመስኮት የሚሰሙ መስሏቸው ነበር ለካ። የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ዝም ብለው ሲሞገሱ መልሱን የሰጠው ማን መስሏቸው እንደነበር አላውቅም። ምናልባት የቡታጅራ ልጆች።

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ሲያልፍ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ድዳ እየሆንኩ ነበር። የማልቀልድበት ፍርሃት ነው። ማታ ማታ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ቀን ቀን እቆማለሁ። ቅዳሜ ከሰው ጋር ስቀመጥ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መጨረሻው ይጠፋኛል። ሰው ሲያወራኝ እስኪጨርስ ጠብቄ ማጠቃለያ ብቻ እሰጣለሁ። እንደዚህ ሆኜ ልቀር ነው አልኩ። በዚያ መካከል ለትምህርት ቤታችን አንድ ዕድል መጣ፤ አንድ መምህር አዲስ አበባ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ተወዳዳሪዎቹ እኔና የኬሚስትሪ መምህሩ ታፈሰ ነበርን። ታፈሰ ክፍል ውስጥ ፕላዝማውን አብርቶ ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሰው ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይዘጋል። "እሷ ታስተምር የለ? እኔ ምን አገባኝ ከሰው ሥራ?" ይላል። ከዞን የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሁለታችንንም ክፍል አይቶ አስተያየት ይሰጣል፤ ምርጫው በዚያ ያልቃል ተባለ። መውጫዬ ይቺ ናት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ተቆጣጣሪው አቶ ደምሴ ሽበታም፣ ካፖርቱን በሙቀትም የማያወልቅ፣ በዘመኑ ስመ ጥር መምህር የነበረ ሰው ነው። እኔ ክፍል የገባው ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሣጥኑን ከፈትኩ። የዕለቱ ትምህርት እኩልታዎች ናቸው። ሴትዮዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች፣ ዝም አለች።

"ኔጌቲቭ ስሪ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"ኤክሰለንት!" አለች እሷ።

ደንግጬ ሰሌዳውን ተደገፍኩ። አቶ ደምሴ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ቀጠለች፤ ጠየቀች።

"ፋይቭ!"

"ቬሪ ጉድ!"

ሌላ ጠየቀች፣ ሌላ መለሱ። እንደ ደቦ ዘፈን ተቀባበሉ። አውራጇ በሳተላይት፣ ተቀባዮቹ ቡታጅራ። ወደ መጨረሻው ሙኒራ በጉጉት ቀድማ "ቱ!" አለች፤ ሴትዮዋ ጥያቄውን ገና አልጠየቀችም። ትንሽ ቆይታ ጠየቀች፣ መልሱም ሁለት ሆነ። አቶ ደምሴ አላስችል ብሎት ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ቀድመው ነው የሚያስቡት!" አለ።

ማጠቃለያ ሰዓቴ ሲደርስ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ያንኑ እኩልታ ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ዝም። ዝምታው ስለከበዳት ይሁን ስላዘነችልኝ፣ ሙኒራ ቀስ ብላ "ኔጌቲቭ ስሪ?" አለች።

አቶ ደምሴ ሳቀ። "ከባድ አድርገህባቸው ነው። ጥብቅ መምህር ነህ" አለኝ።

አቶ ከድር ቢሮ ገብተን ተቀመጥን። ለስላሳ መጣ። አቶ ደምሴ ምስጋናውን ሲያዘንብ አልቻልኩም። አንደበቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ተከፈተ።

"አቶ ደምሴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ልጆቹ ምንም አልገባቸውም። እንግሊዝኛዋን አይከታተሉም። ዛሬ ያዩትን እኔም አልተረዳሁትም፤ ያጠኑት ነገር ይመስለኛል። ከእኔ የተማሩት ነገር የለም።"

አቶ ደምሴ ጠርሙሱን አስቀምጦ ወደ አቶ ከድር ዞረ። ዓይኑ በፍቅር ረጥቧል።

"አየህ አስተዳደግ?" አለው።

"ወላሂ እንዲህ ነው ይሄ ልጅ! ዓይን አፋር ነው" አለ አቶ ከድር።

"ትሕትናዬ አይደለም" አልኩ፤ "እውነቴን ነው የምናገረው።"

"ትሑት ሰው ትሑት ነኝ ይላል እንዴ?" አለኝ አቶ ደምሴ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። "እኔም በአንተ ዕድሜ እንዲህ ነበርኩ። የዛሬ ልጅ ሁሉ 'እኔ እኔ' ሲል አንተ 'የተማሩት የለም' ትላለህ። እግዜር ያክብርህ።"

ምን ልበል? ባገራችን "አልችልም" ማለት "እችላለሁ" ነው፤ "በቃኝ" ማለት "ጨምሩልኝ"። እድሜ ልኬን በእንግድነት በሄድኩበት ቤት "ጠግቤያለሁ" እያልኩ ስጎርስ ኖሬ፣ ያን ቀን እውነት ስናገር በዚያው ቋንቋ ተተረጎመብኝ። ብምል "ጨዋ ነው"፣ ብቆጣ "ለራሱ ክብር አይወድም" ይሉኛል። ጨዋነት በሁሉም በኩል የተቆለፈ ክፍል መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ሙኒራን ጠራኋት። ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመን ጠየቅኳት። አልካደችም። ያንኑ ትምህርት ጠዋት የተማሩት የሌላው ክፍል ልጆች ሴትዮዋ ያሳየቻቸውን መልሶች ይዘውላቸው፣ በሻይ ዕረፍት በዜማ አስጠንተዋቸዋል።

"ለምን?" አልኳት።

"ሰውየው ሊያባርርዎት ነው የመጣው ሲሉ ሰማንና።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም። ቲቸር፣ እርስዎ ከሄዱ ከእሷ ጋር ብቻችንን ልንቀር ነው?"

ለመሄድ ስንት ሌሊት እንደጸለይኩ ለእሷ እንዴት ይነገራል? ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ እያየሁ "በይ ወደ ቤትሽ" አልኳት።

ውጤቱ የመጣው በርበሬው ተለቅሞ፣ ጠፍ መሬቱ በደረቀበት ወቅት ነው። እኔ የትምህርት ቤቱ ሞዴል መምህርና የፕላዝማ ተጠሪ ሆንኩ። አዲስ አበባ የሄደው ታፈሰ ነው። አቶ ከድር ጋ ገብቼ ጮህኩ፤ በሕይወቴ ከጮህኩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ታጋሽ ሰው ነው፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ወንድሜ፣ የሂሳብ ሰው ነህ፣ አንተው አስላው" አለኝ። "ታፈሰ ቢሄድ ትምህርት ቤቱ ይጠቀማል። አንተ ብትሄድ ይጎዳል። አንተን ሰጥቼ እሱን ልያዝ? በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

ስሌቱ ስህተት የለውም። እስከ ዛሬ ስህተት አላገኘሁበትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ጀርባዬን ለሴትዮዋ መስጠት ነው። እሷ ስታስተምር እኔ ፊቴን ወደ ልጆቹ አዙሬ አያቸው ጀመር። ሌላ ምን አለኝ? መናገር አልችልም፣ መውጣት አልችልም፣ ማየት ግን ማንም አልከለከለኝም። ዩኒቨርሲቲ ያልነገሩኝን ነገር ያየሁት ያኔ ነው። ያልገባው ተማሪ አይተክዝም፤ ይጽፋል። ነገሩ ሲያመልጠው ብዕሩ ይፈጥናል፣ ያየውን ሁሉ ይገለብጣል። የገባው ልጅ ግን ብዕሩን ያስቀምጣል። መልስ ሳይኖረው የሚፈግግ አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረስለት እሱ ነው። መናገር ተፈቅዶልኝ ቢሆን የራሴን ድምፅ እየሰማሁ፣ እነዚህን ፊቶች አንድም ቀን ሳላይ ጡረታ እወጣ ነበር። ለመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ማንን ምን እንደምል እያወቅኩ መምጣት ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜም ሣጥኑን ሳልከፍት በጠመኔ አስተማርኳቸው። ሙኒራ ጥያቄው ሳይጠየቅ መመለሷን አልተወችም፤ እየቆየ ግን ትክክል ይሆንላት ጀመር።

የሙያ ባልደረቦቼ ፕላዝማው ውድቀት ነበር ይላሉ። ለተማሪዎቹ ከሆነ እስማማለሁ። ለመምህር ግን ከፕላዝማ የተሻለ ማሠልጠኛ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ "የሙያ ማሻሻያ" እየተባለ የተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ተደምረው፣ በዚያ ግድግዳ ሥር አፌን ተሸብቤ የቆምኩበትን አንድ ወቅት አያክሉም። ይህን ስናገር ሰው ምስጋና ይመስለዋል። ሰው በእስር ቤት ሆኖ ሹራብ መሥራት ቢማር ሹራቡ ጥሩ ነው፤ እስር ቤቱ ግን እስር ቤት ነው።

ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ መበላሸት ጀመሩ። ጥገና ጠፋ። በመጨረሻም አንድ ቀን አይሱዙ መጣ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ በሽተኛ ደግፈው ጫኗቸው። አቶ ከድር በረንዳ ላይ ቆሞ "ወዴት ናቸው?" ቢል፣ ሾፌሩ "አዲስ አበባ" አለው። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር። ከእኔ ቀድመው ተዛወሩ። የእኔም ዝውውር ከዓመታት በኋላ ደረሰልኝ፤ ወደ ወልቂጤ። የጉራጌን ተራራ ዞሬ ማዶው ላይ ማረፌ ነው።

እናም አሁን ባለፈው ሐምሌ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አሠልጣኝ ነኝ። ሰሌዳው ተሰቅሏል፣ የሥልጠናው አዘጋጅ ከበሩ ሆኖ የእጅ ሰዓቱን ያሳየኛል። ፕሮግራሙ ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት። በጣቴ ነካሁት፤ ጻፈ። አጨበጨቡልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ግድግዳ ስለነካሁ ይጨበጨብልኛል። አስተያየት ያለው ስል፣ ሐያት የተባለች፣ ከአገና አካባቢ የመጣች ወጣት መምህርት እጇን አወጣች። እሷ ትምህርት ቤት ይህ ሰሌዳ ቀድሞ የገባ በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ ልምዷን ሊሰማ ወደ እሷ ዞረ።

"እኔ ተማሪዎቼ አልገባቸውም" አለች። "በጣም ይወዱታል። ግን ምንም አልገባቸውም።"

አዳራሹ በደግነት ሳቀ። ከጎኗ ያለው መምህር "ኧረ እሷ ናት የወረዳው አንደኛ! ትሕትናዋ ነው" አለ። አዘጋጁም ፈገግ ብሎ ቀጥል የሚል ምልክት ሰጠኝ። ልጅቷ አልሳቀችም። ስትናገር የከፈተችውን ብዕር ይዛ ቀርታለች፤ ልትቀመጥም ልትቆምም አልቻለችም። ያ ፊት ምን እንደሚመስል ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ።

"የቱ ጋ ነው ያልገባቸው?" አልኳት።

ማንም እንደሚጠይቃት አልጠበቀችም ነበርና መልሱ በቶሎ አልመጣላትም። አሰበች። ዝናቡ በርትቷል። አዘጋጁ እንደገና ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ስንቆይ ጊዜ ሰሌዳው የሚነካው ሰው ስላጣ በራሱ ጠፋ። ሐያት ጥቁሩን ግድግዳ አየች፣ ከዚያ እኔን።

"አይዞሽ፤ አንቸኩልም" አልኳት።

"መጀመሪያው ላይ ነው" አለችና መናገር ጀመረች።